መስመር ያለበት አሞሌ

ቢያዝን የጨው አሞሌውን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቱ ይዞ ከባዬ አጎዛ ላይ አኖረው።

«በሬዬ ነጩን ላሰና ይህን ተወው» አለ። «ጭቃ ነው። አያ ባዬ፣ የተሰበረ አሞሌ በጭቃ ጠግነው ሰጡኝ። እኔ ከመካነ ብርሃን ድረስ የመጣሁ እርስዎን አምኜ አልነበር?»

ሽማግሌው ባዬ አሞሌውን ማንሳት አላስፈለገውም። በመካከሉ የሚያልፈው ግራጫ መስመር በሬው በላሰው በኩል እንደ ጅማት ወጥቷል። እስከ ወገቡ ቀጥ ብሎ ይመጣና እንደ ክርን ይታጠፋል፤ ጥቂት ሄዶ መልሶ ይታጠፋል። ይህን መስመር ለስንት ሰው እንዳስረዳ ቁጥሩ ጠፍቶበታል።

ዛሬ ግን ከቢያዝን ኋላ የገበያው ዳኛ አቶ የሻው ጃንጥላውን ተመርኩዞ ቆሟል። አሞሌ ጠግኖ የሸጠ ከጨው ተራ ይነሣል፤ ደንቡ ነው። ባዬ ከዚህች መደብ የተቀመጠው ጣልያን ሳይገባ ነው። ከዚህ ቢነሣ የሚያውቀው ሌላ ሥራ የለም።

«ጭቃ አይደለም» አለ። «ከመሬቱ እንዲሁ ሆኖ ነው የወጣ።»

«መሬት እንዲህ አድርጎ ያጥፋል?» አለ የሻው።

«ያጥፋል። በጎልማሳነቴ ጨው ከሚቆረጥበት በረሃ ወርጃለሁ፤ ከጉድጓዱ ገብቼ በዓይኔ አይቻለሁ። ያ ቦታ ቀድሞ ባሕር ነበር። ባሕሩ ሲደርቅ መጀመሪያ ጣዕም የሌለው ግራጫ ነገር ይቀመጣል፣ ከዚያ ጨው። ባሕሩ ይመለሳል፤ ደግሞ ይደርቃል። እንዲህ አንዱ ባንዱ ላይ እየተነባበረ ይኖራል።»

«መታጠፉስ?»

«ከላይ ሲከብደው ጨው ይሄዳል። ቀስ ብሎ፣ እንደ ሊጥ፣ ክፍት ወዳገኘበት። መስመሩ ደረቅ ነው፤ እንደ ጨው መሄድ አይሆንለትም። ስለዚህ ጨው ሲጎትተው ይታጠፋል።»

ከጎን አሞሌ ያገላብጡ የነበሩት መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ቀና አሉ። «የሎጥ ሚስት ጨው ሆና ቆመች ነው የሚል መጽሐፉ። ሄደች አይልም፣ ባዬ።»

ተራው ሁሉ ሳቀ። የሻውም ሳቀ። ባዬ ጥርሱን ነከሰ። የተማረው መጽሐፍ ይጠቅስበታል፣ ያልተማረው በሬ ይጠቅስበታል።

«ውሃ ስጡኝ» አለ።

አንዲት ሴት በቅል አቀበለችው። አሞሌውን በመጥረቢያ ጀርባ መታና መታጠፊያው ያለበትን ቁራሽ ለየ። «ጭቃ ከሆነ ውሃው ይፈታዋል። እዩ።»

ቁራሹን ከቅሉ ነክሮ በአውራ ጣቱ ያሸው ጀመር። ጣቱ ስንጥቅጥቅ ነው፤ ጨዋማው ውሃ ያቃጥለዋል። አላቆመም። ሰዉ ተጠጋ። ነጩ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደና አለቀ። ከመዳፉ ላይ ጥፍር የምታህል ስስ ግራጫ ነገር ቀረች፤ ሁለት ጊዜ ታጥፋለች፣ የትም አልተቆረጠችም።

የሻው ተቀብሎ በጥርሱ ነከሳት። ከመጥረቢያው ጋር አጋጫት።

«ጭቃ አይደለም» አለ።

«አላልሁም?»

«ድንጋይ ነው።»

«ድንጋይ ነው» አለ ባዬ፤ ተወጥሮ የነበረው ትከሻው ወረደ።

«እንግዲያ ጨው ብለው ድንጋይ ሸጡለት።»

«አብሮት የተወለደ ነው» አለ ባዬ። «መስመር ያለበት ሸጋ ነው፤ በበቅሎ ጀርባ ላይ አይሰበርም። እኔ እንዲያውም እሱን መርጬ ነው የማመጣ።»

«መርጠው?»

«መርጬ።»

ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው።

«ጨው ለራስህ ስትል…» ብለው መሪጌታ ጀመሩና ተዉት። የቀረውን የማያውቅ አልነበረም።

«እስከ ቀትር መደቡን ይልቀቁ» አለ የሻው፤ ድምፁ ክፉ አልነበረም። ለቢያዝን መስመር የሌለበት አሞሌ ተመርጦ ተሰጠው። ቢያዝን ተቀብሎ ወዲያው አልሄደም። «ለበሬዬ ብዬ እኮ ነው፣ አያ ባዬ» አለ። ባዬ ስልቻውን ይከፍት ጀመር፤ ቢያዝንም ጥቂት ቆሞ ሄደ።

ባዬ አሞሌዎቹን በስልቻ ከተተ። አጎዛውን ጠቀለለ። የመደቡን ዳስ ምሰሶ ግራና ቀኝ ወዝውዞ ሲነቅለው መሬቱ ተያይዞ ተነሣ፤ እንደ ዳቦ ተገምሶ ሆዱ ታየ።

ጎንበስ አለ። ከአሞሌ የረገፈ ጨው፣ የክረምት ደለል፤ ደግሞ ጨው፣ ደግሞ ደለል። ነጭ፣ ግራጫ፣ ነጭ፣ ግራጫ፣ እስከ ክንድ ግማሽ ድረስ።

ቀና ብሎ ዳኛውን ፈለገ። የሻው ከእህል ተራ ገብቷል፤ ከሰዉ ራስ በላይ የተዘረጋ ጃንጥላው ብቻ ይታያል። «እንዲህ ነው የሚነባበር» ብሎ ሊያሳየው ነበር።

መልሶ ወደ መሬቱ አየ። መስመሮቹ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብለው መጥተው፣ እሱ ሲቀመጥበት በኖረው በኩል ሁሉም ወደ ታች ጎብጠዋል።