ሙሉ ስክሪን

ሚልኪያስ ሸዋ ሮቢት ዋናው መንገድ ዳር ቪዲዮ ቤት ነበረው። በ2001 ዓ.ም. ሰዉ ሰፋፊውን ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን መግዛት ሲጀምር ሥራው በዛ። ከቴሌቪዥን በካሴት የተቀዳውን ሁሉ ወደ ዲቪዲ እያዞረ ይሰጥ ነበር።

አንድ ጠዋት ተናኜ ጥቁር ለብሳ መጣች። ባሏ ለማ የጀውሃ ድልድይ ሲመረቅ፣ ሕዝቡ ሲጋፋ፣ ሆዱን በጩቤ ተወግቶ ነው የሞተው። ምረቃው በቴሌቪዥን ተላልፎ ነበር። አንድ ጎረቤት ራሱን ለማየት ቀድቶት ኖሮ ካሴቱን ለሷ ሰጣት። የለማ ወንድም ሰይፉ ከዚያ ቀን ወዲህ ተሰውሯል። ወንድማማቾቹ በመሬት ተጣልተው እንደማይነጋገሩ አገር ያውቃል።

«በሰፊው ቴሌቪዥን እንዲታይ አድርግልኝ። ግራና ቀኙ ጥቁር እንዳይሆን» አለችው።

«ስክሪኑን እንዲሞላ ካደረግኩት ምስሉ ከላይና ከታች ይቆረጣል፣ እትዬ ተናኜ።»

«ይቆረጥ። የሁለቱ ወንድማማቾች ፊት ከታየ ይበቃኛል።»

ሚልኪያስ ካሴቱን ወደ ኮምፒውተሩ እንዲገለበጥ ትቶ ሌሎች ደንበኞች ሲያስተናግድ ዋለ። ገና ተገልብጦ ከማለቁ ሰይፉ በሩን በርግዶ ገባ። ሽመል ይዟል።

«ያንን ካሴት አምጣ! እንዳትነካው፣ እንዳለ ስጠኝ!»

«የሷ ነው፤ አልሰጥህም።»

ሽመሉ ግንባሩን አገኘው። ሁለተኛው ምት ጥርሱን አረገፈው። ሚልኪያስ ካሴቱን ሆዱ ስር አድርጎ መሬት ላይ ተደፋ። ሰይፉ ጎኑን፣ ጀርባውን፣ ፊቱን ረገጠው። የሰፈር ሰው እየጮኸ ሲደርስ በጓሮ ዘሎ አመለጠ።

«ወንድሙን ገድሎ ማስረጃ ሊያጠፋ!» አለ ሚልኪያስ፣ ደም እየተፋ።

ዓይኖቹ እስኪደፈኑ አብጠው ነበር። እንደዚያም ሆኖ በማግስቱ እየዳበሰ ምስሉን አስፍቶ ዲቪዲውን አወጣላት። ተናኜ መረቀችው። ካሴቱንም ይዛ ሄደች።

የለማ አርባ ዕለት፣ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ ዲቪዲው ታየ። የሚተራመስ ሕዝብ። መሃል ላይ የለማ ፊት፣ ፊት ለፊቱ ተናኜ፣ ከኋላው ሰይፉ። ሰይፉ የወንድሙን ትከሻ ጨምድዶ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ለማ አፉን ከፍቶ ይወድቃል።

«አያችሁልኝ?» ብላ ተናኜ ደረቷን መታች።

ወንዶቹ ዱላ ዱላቸውን አንስተው ወጡ። ሰይፉን ከሮቢ ወንዝ ዳር ካለ የሽንኩርት ማሳ ጎትተው አወጡት። አንድ ነገር ሊነግራቸው ይጮህ ነበር፤ የሰማው የለም። በዱላና በድንጋይ ፊቱ እስኪጠፋ ወቀጡት።

«የእጁን አገኘ» አለ ሚልኪያስ ሲነግሩት።

ዓይኑ ከዳነ በኋላ ኮምፒውተሩ ሞልቶበት ያልተቆረጡትን ቅጂዎች መሰረዝ ጀመረ። የምረቃውን ከማጥፋቱ በፊት ከፍቶ አየው።

ከታች፣ ከለማ ሆድ ላይ ጩቤውን መንጭቃ ነጠላዋ ስር የምትሸሽገው ተናኜ ነበረች።