የጠዋት ፀሐይ

ነርሷ እናቶችን ስታስተምር ድምጿ እስኪዘጋ ጮኻለች፤ «ልጆቻችሁን የጠዋት ፀሐይ አሙቁ፣ አጥንታቸው ይጠንክር!» ዛሬ በክትባት ቀን ሌሎቹ ልጆቻቸውን ገላልጠው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። አንዷ ግን በአጥሩ ጥላ ሥር ተሸጉጣ ልጇን በጋቢ ጀቡናዋለች።

«አንቺ! ባለፈው ወር የለፈለፍኩት ለግድግዳው ነው? ቡዳ ይበላብኛል ብለሽ ነው፣ ወይስ እንዳይጠቁርብሽ?»

ሴትየዋ ጋቢውን ይበልጥ አጠበቀችበት።

«ነገ እግሩ ሲወላገድ ልታለቅሺ ነው! አምጪው ወዲህ!»

ነርሷ ሕፃኑን ነጥቃ ጋቢውን ገለጠችው። ፀጉሩም ቅንድቡም እንደ ጥጥ ነጭ ነው። ፊቱና ትከሻው ተቃጥሎ ውሃ ቋጥሯል። ብርሃኑ ሲነካው ዓይኑን ጨፍኖ ጮኸ።

«ሲስተር፣» አለች እናትየው ቀስ ብላ፣ «እርስዎ እንዳሉኝ አንድም ቀን ሳላጓድል አሙቄዋለሁ።»