ሰማያዊው መስመር

የኦፓል ነጋዴው በባትሪ ሻጩ ሱቅ ጨለማ ጓዳ ውስጥ ሁለተኛውን የአልትራቫዮሌት ባትሪ ኦፓሉ ላይ አበራ። በድንጋዩ ወገብ ዙሪያ እንደ ክር የቀጠነ ሰማያዊ መስመር ቦግ አለ። ይኸኛው ከመጀመሪያው ባትሪ ይልቅ አጉልቶ አሳየው። ነጋዴውን ላብ አጠመቀው።

"ሙጫ ነው፣ ወንድሜ" አለ ባለሱቁ። "ሙጫ በዚህ መብራት ያበራል። የተሰበረውን አጣብቀው ነው የሸጡልህ። ድሃው ቆፋሪ ናዳ እየበላው ያወጣውን ድንጋይ እነዚህ ሌቦች ያረክሱታል። እግዜር የእጃቸውን ይስጣቸው።"

ስልኩ ጮኸ። የሚስቱ አባት ናቸው፣ ከደላንታ።

"ልጄ፣ መብራቱን ገዛህልኝ? በሬዎቹን ዛሬ ሸጥኳቸው። የምትሸጥልኝን ድንጋይ አንዴ አብርቼ አይቼ ገንዘቡን እሰጥሃለሁ። አንተን የተጠራጠርኩ እንዳይመስልህ። አንተንም ሰው ሸውዶህ እንዳይሆን ብዬ ነው።"

"ገባኝ፣ አባባ። እየመረጥኩልዎት ነው።"

ስልኩን ዘግቶ ግንባሩን በእጅጌው ጠረገ። ባለሱቁ አዝኖለት ሁለተኛውን ባትሪ መጠቅለል ጀምሮ ነበር።

"ይኸኛው ይሻልሃል። ከእንግዲህ ማንም አይሸውድህም።"

"ቆይ፣ አትጠቅልለው" አለ ነጋዴው። "ይህን መስመር የማያሳይ ባትሪ የለህም?"