መድኃኒቱ ሲሠራላት

ባሏ ከተቀበረ ወዲህ ልጅቷ እናቷ ቤት ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እንደተኛች ከረመች። ሐኪሙ እናትየውን፣ «ሐዘን ሲከርም የአንጎልን ነርቮች ያቀጭጫል፤ መድኃኒቱም በአንድ ጀምበር አያለመልማቸውም። ትንሽ ይታገሡ፣ እማማ» አላቸው።

አንጀታቸውን አሥረው ታገሡ። ክኒኑን በእጃቸው እያስዋጧት ሰነበቱ።

አንድ ጠዋት ወጥ ቤት ሲገቡ ልጃቸው ታጥባ፣ ለባብሳ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ አገኟት።

«እማዬ፣ ይኼ ቢላዋ እንኳን ሽንኩርት ቅቤም አይቆርጥ!» ብላ ከት ብላ ሳቀች።

ያንን ሳቅ ከሰሙ ስንት ጊዜያቸው! እንባቸው እንዳይታይባቸው፣ «አንሶላሽን ልቀይርልሽ» ብለው ወደ መኝታ ቤት ገቡ።

ብርድ ልብሱ ሥር ሰው ነበር። ጫፉን ቢገልጡት ልጃቸው የሌሊት ልብሷን እንደለበሰች ተኝታለች። ትከሻዋን ነኳት፤ ይሞቃል። ወጥ ቤት ያለችው አሁንም ቢላዋውን እየተረበች ብቻዋን ትስቃለች።

እናትየው ድምፅ ሳያሰሙ በሩን ዘጉና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። የቷን ትተው ወደ የቷ ይሂዱ?

«እማዬ» አለች የተኛችው፣ ፊቷን ሳታዞር። «ማናት እንደዚያ የምትስቀው? እሷ ማንም አልሞተባትም?»