ከቄጤማ ጋር የተሠራ

ሠዓሊዋ ከሠዓሊው ሁሉ ተጣልታ ስለጨረሰች ከቄጤማ ጋር መሥራት ጀመረች። ክረምቱን ሙሉ በሰፊ የእንጨት ሣጥን አበቀለችው፤ እሷ ሣጥኑን ወደ ብርሃን ታዞራለች፣ ቄጤማው እየተጠማዘዘ ማዕበል ይሥላል። «ሣር አይሥልም!» ብሎ በጋዜጣ የጻፈባትን ሃያሲ በዐውደ ርእይዋ መክፈቻ ቀን አፉን ልታስዘጋው ምላ ነበር።

ፀጉሯን ተሠርታ አዳራሹ ስትደርስ ሣጥኑ ውስጥ የቀረው ሥሩ ብቻ ነው። ማዕበሏ ታጭዶ ወለሉ ላይ ተጎዝጉዟል። እናቷ ማጭድ ይዘው ላባቸውን ይጠርጋሉ።

«እማዬ! ምን አደረግሽ?»

«ምን አደረግሁ? እንግዳ ጠርተሽ ባዶ ሲሚንቶ ልታስረግጪ ነበር? ደግሞ እንዴት ያለ ለምለም ነው!»

ልትጮህ ስትል ሃያሲው እንግዶቹን አስከትሎ ገባ። ወለሉን አየ፤ ሣጥኑን አየ፤ ጫማውን አወለቀ። የተከተሉት ሁሉ አወለቁ። አንዷ እልል አለች፤ አንድ ቦርጫም የባንክ ሥራ አስኪያጅ በካልሲው እስክስታ ወረደ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

«ተሸነፍሁ!» አለ ሃያሲው ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «የክረምት ልፋትሽን አጭደሽ እግራችን ሥር! ምን ዓይነት ድፍረት ነው? ስንት ጊዜ ፈጀብሽ?»



«ኧረ ምን ጊዜ ይፈጃል» አሉ እናቷ፣ «በማጭድ እኮ ነው!»