የመርከቧ ጋሻ

«የጭነት መርከቧን ጋሻ በግማሽ ቀነሱት! ከእንግዲህ ማን ጠፈር ይወጣባታል?» ሲል ልጁ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ በማይኩ ጮኸ። አብሮት የሚጫወተው ኦሪኤል ከገዴራ በጆሮ ማዳመጫው ሳቀበት። «ድሮ አትሞትም ነበራ! አሁን ገና ጨዋታው ተስተካከለ» አለው። ድቪርም ከያቭነ ደገፈው። እናቱ ከወጥ ቤት «ቀስ በል አንተ፣ ጎረቤት ምን ይላል!» አለች። አባቱ ግን በሩ ላይ ቆሞ በእጁ «ቀጥል» አለው።

የእናቱ ወንድም ቢረሳው ወደ እስራኤል የሚመጣበትን ቀን ሲጠብቅ ጎንደር ላይ ማረፉን አባትና ልጅ ጠዋት ሰምተዋል። መርዶ የሚነግሯት ሽማግሌዎች ወደሚኖሩባት ቂርያት ማላኪ እየመጡ ነበር። እነሱ እስኪደርሱ እንዳትጠረጥር ቤቱ እንደወትሮው መጮህ ነበረበት።

«ያላ፣ በሉ እንግዲህ፣ ሥራ ልገባ ነው» ብሎ ኦሪኤል ከጨዋታው ወጣ፤ ድቪርም ተከተለው። ልጁ ግን ብቻውን ቀርቶም አላቆመም። «ጋሻ ከሌላትማ ገና ከጣቢያው ሳትርቅ ትመታለች!» አለ። መልስ የሚሰማ መስሎ ጥቂት ዝም አለና እንደገና ጮኸ። ምንም ሳይነካ ስለቆየ ስክሪኑ በራሱ ጠፋ። በጥቁሩ መስታወት ውስጥ እናቱን ከኋላው አያት፤ የተላጠ ብርቱካን በሳህን ይዛ ቆማለች። ሳህኑን ቀስ ብላ አልጋው ላይ አስቀመጠች።

«ልጄ፣» አለችው፣ «ማን ነው የሞተብኝ?»