መሰላሉ ይለፍ

የመብራት ሠራተኛው ኦቦ ጉደታ የቆጣሪውን ሳጥን ከፈቱ። ባለሱቋ ሰዓዲያ በትከሻቸው ላይ አሻግራ ብታይ ዋናው ማብሪያ ወደ ታች ወርዷል። ያን ጊዜ ትዝ አላት። በረዶው የቡራዩን ቆርቆሮ ሲደበድብ፣ መብረቁ የሱቋን ፍሪጅ እንዳያቃጥልባት ያጠፋችው ራሷ ነበረች! የሰፈሩ መብራት ሄዶ ሲመለስ ሱቋ ብቻ ጨልሞ ቢቀር፣ «መስመሬ ተቃጠለ!» ብላ ስልኩን ያጨናነቀችውም ራሷ።

በሩ ላይ የሰፈሩ ወጣቶች በላብ ተጠምቀው ቆመዋል። የአዲስ አበባን ማስፋፊያ ማስተር ፕላን ተቃውመው በድንጋይ በዘጉት መንገድ የኦቦ ጉደታ መኪና ማለፍ ሲያቅተው፣ «ማስተር ፕላኑ አያልፍም፤ መሰላሉ ግን ይለፍ!» ብለው ያን ረጅም መሰላል ከዋናው መንገድ ድረስ ተሸክመው ያመጡት እነሱ ናቸው።

«ምን ሆኖ ነው፣ ኦቦ?» አለ አንደኛው።

ሰዓዲያ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ኦቦ ጉደታ ፊቷን አዩ፤ መሰላሉንም አዩ። ከዚያ ሳጥኑን በሰፊው ጀርባቸው ከለሉና፣ «መብረቅ ነው! በሉ መሰላሉን ያዙልኝ» አሉ። ወጡ፤ ከጣሪያው ሥር ሽቦውን በፒንሳ ነካ ነካ አደረጉ፤ ወረዱ፤ ማብሪያውንም በአንድ ጣት ቀና አደረጉት።

«መጣ!» ብሎ መንደሩ በአንድ አፍ ጮኸ።

ኦቦ ጉደታ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ ለስላሳ ጋብዣቸው፤ መሰላሉ ገና ወደ መኪናው ተመላሽ ነው።»